የተበከለ መሬት ጽዳትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ሐሳባችንን እንዴት እናቅርብ?

ለሞዴል አርሶ አደሮችና ከፊል አርብቶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ



መሬት በማዕድን ዝቃጭ፣ በፀረ ተባይ ኬሚካል ወይም በተቃጠለ ዘይት ሲበከል የሚያጸዳው ማን ነው? በስንት ጊዜ ውስጥ ነው የሚያጸዳው? «አሁን ንጹሕ ሆኗል» ብሎ የሚወስነውስ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ አዋጆች፣ ደንቦችና መመሪያዎች አሉ። በየጊዜውም ይሻሻላሉ፣ አዳዲሶችም ይወጣሉ። ረቂቅ በተዘጋጀ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ እንዲወያይበት መድረክ ይዘጋጃል። ከየቀበሌው ለእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሞዴል አርሶ አደር ነው። ስለዚህ የምትናገሩት ለራሳችሁ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ለቀረው ጎረቤታችሁም ጭምር ነው።

በብዙ መድረኮች ላይ የሚታየው ችግር ሰው አለመናገሩ አይደለም። ይናገራል፣ ምሬቱንም ያሰማል፤ ነገር ግን የተናገረው በቃለ ጉባኤ ላይ «ተሳታፊዎች ስጋታቸውን ገልጸዋል» በሚል አንድ መስመር ተጠቃሎ ይቀራል። ረቂቁን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ከዚያ መስመር ምን ወስዶ ምን እንደሚቀይር አያውቅም። የዚህ ሥልጠና ዋና መልእክትም ይኸው ነው፦ አስተያየት ክብደት የሚኖረው በረቂቁ አንቀጽ ውስጥ ሊጻፍ የሚችል ነገር ሲይዝና በማስረጃ ሲደገፍ ነው።

ከዚህ ሥልጠና በኋላ ሠልጣኞች፦
• በአካባቢያችን መሬት በምን በምን እንደሚበከል ይለያሉ፤
• ስለ ብክለትና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ምን እንደሚል ይረዳሉ፤
• በአንድ የጽዳት ረቂቅ ላይ መነሣት ያለባቸውን ጥያቄዎች ያውቃሉ፤
• ማስረጃ ይዘው አስተያየታቸውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።

1. በአካባቢያችን መሬት በምን ይበከላል?

በነገሌ ቦረና፣ በሻኪሶ፣ በአዶላ፣ በያቤሎ፣ በዱብሉቅ፣ በሜጋና በሞያሌ ዙሪያ ስንመለከት ዋና ዋናዎቹ የብክለት ምንጮች አራት ናቸው።

ሀ. የማዕድን ሥራ። ወርቅ ከድንጋይ የሚለየው ድንጋዩ ተፈጭቶ በሲያናይድ ከታጠበ በኋላ ነው። በባህላዊ አሠራር ደግሞ አንዳንድ ቦታ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ይጠቀማሉ። የሚቀረው ዝቃጭ በግድብ ይጠራቀማል። ሲያናይድ ወዲያው የሚገድል መርዝ ቢሆንም በፀሐይና በአየር እየፈረሰ ይሄዳል። ከድንጋዩ ጋር ተፈጭተው የሚወጡት እንደ አርሴኒክና እርሳስ ያሉ ብረት ነክ ነገሮች ግን አይፈርሱም። ከቦታ ቦታ ይሄዳሉ እንጂ አይጠፉም።

ለ. ያረጀ ፀረ ተባይ ኬሚካል። አገራችን ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት ከውጭ የገባ ኬሚካል ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ድጋፍ በተካሄደው ሥራ ከ1,000 ቶን በላይ ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል ተደርጓል። በርሜሉ ተነሣ ማለት ግን መሬቱ ጸዳ ማለት አይደለም። ፈስሶ አፈር ውስጥ የገባ ዲዲቲ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የቀድሞ መጋዘን የነበረበት ግቢ ዛሬ የበቆሎ ማሳ ወይም የጥጆች መዋያ ሊሆን ይችላል።

ሐ. ዛሬ የምንረጨው ኬሚካል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በቦረናና በጉጂ በወረደ ጊዜ ሰፊ ርጭት ተካሂዷል። በማሳችንም ፀረ አረምና ፀረ ተባይ እንጠቀማለን። ርጭቱ የተቀላቀለበት፣ መርጫው የታጠበበትና ባዶ ዕቃው የተጣለበት ቦታ ከማሳው ይልቅ በጣም ይበከላል።

መ. የከተማ ፍሳሽ። በመንገድ ዳር ከሚገኙ ጋራዦችና የነዳጅ ማደያዎች የሚፈሰው የተቃጠለ ዘይት፣ የተጣለው የመኪና ባትሪ እንዲሁም የከተማ ቆሻሻ በዝናብ ታጥቦ ወደ ታችኛው ማሳና ወደ ኩሬ ይወርዳል።

የቆላው መሬት አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ዝናቡ በገነ (ከመጋቢት እስከ ግንቦት) እና በሐገያ (ከመስከረም እስከ ኅዳር) በጥቂት ቀናት ኃይለኛ ሆኖ ይጥላል። በረጅሙ ደረቅ ወቅት መሬት ላይ የተጠራቀመውን ሁሉ ጎርፉ በአንድ ቀን ጠርጎ ያወርደዋል። አዋታና ሞርሞራ ወደ ዳዋ ይገባሉ፤ ዳዋና ገናሌ ደግሞ ዶሎ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ላይ የተጣለው ነገር ታች ያለውን ሰውና ከብት ያገኛል። ከብት ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፤ በአንድ ቀበሌ የጋጠ ላም በሌላ ቀበሌ ትታለባለች። የጽዳት ሕግ ማሳን ብቻ ተመልክቶ ግጦሽንና የውሃ ቦታን ከረሳ ለእኛ አካባቢ ግማሽ ሕግ ነው።

2. በሥራ ላይ ያለው ሕግ ምን ይላል?

አስተያየት ከመስጠት በፊት ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ የተሰጠንን መብት እንደ አዲስ ከጠየቅን ያለንን እንደ ሌለን ቆጥረነዋል ማለት ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት (1987 ዓ.ም.)። አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ዜጎች በማኅበረሰባቸው ላይ ተፅዕኖ በሚያስከትሉ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን በቀጥታ የሚመለከት የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሕዝቡ ሙሉ በሙሉ ሊመከርበትና አስተያየቱን ሊሰጥ ይገባል ይላል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995። የአንድ ፕሮጀክት የተፅዕኖ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይ ተጎጂ ሊሆን የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት በግምገማው እንዲካተት ያዛል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። ለእኛ ዋናው አዋጅ ይህ ነው። በአንቀጽ 3 መሠረት ብክለት ያደረሰ ማንኛውም ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይደረጋል። አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የራሴ ጥቅም ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል።

ሌሎች አዋጆች። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ ባለፈቃዱ ለአካባቢ መልሶ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ የሚጠይቀው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ከጉዳዩ ጋር ይያያዛሉ።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012። አዋጅ የሚወጣው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ መመሪያ የሚያወጣው ደግሞ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ነው። ዝርዝሩ፣ ማለትም የመርዝ መጠን፣ የጊዜ ገደብ፣ የምርመራ አሠራር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመመሪያ ውስጥ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያረቅቅ ማስታወቂያ ማውጣትና ከሕዝብ አስተያየት መቀበል አለበት። አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው። የክልል ሕግ በሚረቀቅበት ጊዜ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 92 ይዞ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። «የበከለ ያጽዳ» የሚለው መርሕ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተጽፏል። የሚጎድለው መርሑ ሳይሆን መርሑን ወደ ቀበሌ የሚያወርደው ዝርዝር ነው። አስተያየታችንም ማተኮር ያለበት በዚያ ላይ ነው።

3. ከለገ ደምቢ የምናገኘው ትምህርት

በሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘውን የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በመንግሥት ተጀምሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሚድሮክ ወርቅ ተላለፈ። የ20 ዓመቱ ፈቃድ ጊዜው ሲደርስ በ2010 ዓ.ም. እንዲታደስ ተወሰነ። የአካባቢው ሕዝብ ውሃና መሬት ተበክሏል፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በከብቶች ላይ ጉዳት ደርሷል በማለት ተቃውሞውን በአደባባይ ገለጸ። ኩባንያው በበኩሉ ክሱን አልተቀበለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የማዕድን፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ሚኒስቴር ጉዳዩ ተጠንቶ እስኪታወቅ ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ለሥልጠናችን የሚሆኑ ሦስት ነጥቦች እንውሰድ።

አንደኛ፣ ሕዝቡ የተሰማው ፈቃዱ ከታደሰ በኋላ፣ በሰልፍ ነው። በአዋጅ 299/1995 መንፈስ ከሆነ መሰማት የነበረበት ከውሳኔው በፊት ነበር። ምክክር ዘግይቶ ሲመጣ ዋጋው ለሁሉም ወገን ይበዛል፤ ሕዝቡ ይጎዳል፣ ሠራተኛው ሥራ ይፈታል፣ መንግሥትም ገቢ ያጣል።

ሁለተኛ፣ «ቀድሞ እንዴት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን መዝገብ በየቀበሌው መኖር አለበት። ወርቅ ያለበት ድንጋይ በተፈጥሮውም አርሴኒክ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አርሴኒክ ተገኘ ማለት ብቻውን ማን እንዳመጣው አያሳይም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተለካ አኃዝ ወይም ፍሳሹ ከማይደርስበት የላይኛው ቦታ የተወሰደ ናሙና ሲኖር ግን ማወዳደር ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ማገድና ማጽዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሥራ ሲቆም አዲስ ብክለት ሊቆም ይችላል፤ ቀድሞ አፈር ውስጥ የገባው ግን እዚያው ይቆያል። የጽዳት ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

4. ከጃፓን ገበሬዎች የምናገኘው ትምህርት

በጃፓን ቶያማ በሚባል አውራጃ፣ ከካሚዮካ ማዕድን የወጣ ካድሚየም የሚባል ብረት በጂንዙ ወንዝ ወርዶ የሩዝ ማሳዎችን በከለ። ሩዙን የበሉ ሰዎች፣ በተለይም እናቶች፣ አጥንታቸው እየሳሳ ይሰበር ጀመር። በሽታው ከሕመሙ የተነሣ «ያማል፣ ያማል» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ተጠራ። ገበሬዎቹ ተደራጅተው ከሰሱ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 በይግባኝ ረቱ።

ለእኛ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ገበሬዎቹ በካሳ ብቻ አልረኩም። ኩባንያው የማሳቸውን አፈር እንዲያድስ፣ እነሱም ባለሙያ ይዘው ማዕድኑ ውስጥ ገብተው እንዲመረምሩና ወጪውን ኩባንያው እንዲችል አስማሙ። የተበከለውን አፈር ከሥር ቀብሮ በላዩ ንጹሕ አፈር የማልበሱ ሥራ በ1979 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2012 ነው። ከ30 ዓመት በላይ ወሰደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ ጽዳት ረጅም ሥራ ነው፤ ረጅም ሥራ ደግሞ ተቆጣጣሪው ነዋሪው ራሱ ካልሆነ መሐል ላይ ይቆማል።

5. ረቂቅ ሲቀርብ የሚጠየቁ ሰባት ጥያቄዎች

ረቂቁን ስታነቡ ወይም ሲነበብላችሁ እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች ይዛችሁ መልሱን ፈልጉ። መልስ ያጣችሁለት ጥያቄ አስተያየት የሚሰጥበት ቦታ ነው።

1ኛ. «ንጹሕ» የሚባለው ምን ያህል ሲሆን ነው? ለፋብሪካ ግቢ የሚበቃ ንጽሕና ለእህል ማሳ ወይም ለግጦሽ ላይበቃ ይችላል። ረቂቁ ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለከብት ውሃ የተለየ ልክ አስቀምጧል ወይ?

2ኛ. ምርመራውን ማን ያካሂዳል? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ በካዩ የቀጠረው ድርጅት ወይስ ገለልተኛ ላብራቶሪ? ውጤቱ ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ይነገራል ወይ? ለለምነት ተብሎ የሚደረገው የተለመደ የአፈር ምርመራ ስለ አርሴኒክ ወይም ስለ እርሳስ ምንም እንደማይነግረን አትርሱ። የብረት መርዝ ምርመራ ተብሎ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

3ኛ. በምን ዘዴ ይጸዳል? አፈሩን ቆርጦ ማንሣት፣ በላዩ ንጹሕ አፈር ማልበስ፣ ማጠር ወይም ለምግብ የማይሆን ተክል መትከል የታወቁ መንገዶች ናቸው። አንዱ መድኃኒት ለሁሉም አይሆንም። ለምሳሌ ኖራ መጨመር ካድሚየምን ወይም እርሳስን በአፈር ውስጥ አጥብቆ ሊይዝ ሲችል አርሴኒክን ግን ይበልጥ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ስለዚህ ረቂቁ ከጽዳት በፊት የመርዙ ዓይነት እንዲለይ ማስገደድ አለበት።

4ኛ. የተነሣው አፈር የት ይሄዳል? ከእኛ ቀበሌ ተነሥቶ በሌላው ቀበሌ ሸለቆ ከተደፋ ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም።

5ኛ. ማን ይከፍላል፣ ገንዘቡስ መቼ ይያዛል? ኩባንያ ሊዘጋ፣ ሊሸጥ ወይም ሊከስር ይችላል። የማጽጃው ገንዘብ ሥራው ሳይጀመር በዋስትና ከተያዘ በካዩ ቢሄድም ማጽዳት ይቻላል። በዛምቢያ የካብዌ የእርሳስ ማዕድን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ከተዘጋ በኋላ የከተማዋ አፈር እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ልጆችን እየመረዘ መቆየቱ ለዚህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ አሮጌ ብክለትስ፣ ለምሳሌ የቀድሞ የኬሚካል መጋዘን፣ በማን ወጪ ይጸዳል?

6ኛ. ጽዳቱ እስኪያልቅ እንዴት እንኖራለን? አማራጭ ውሃ፣ መኖና የእርሻ ቦታ ማን ያቀርባል? ለወል ግጦሽ የሚከፈለው ካሳ ለማን ይሰጣል? የወል መሬት ደብተር በግለሰብ ስም ስለሌለ በካሳ ጊዜ በቀላሉ ይረሳል።

7ኛ. ማን ይከታተላል፣ ለስንት ዓመት? ነዋሪው በክትትል ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ አለው ወይስ እንዲታዘብ ብቻ ነው የሚጠራው? ሴቶችና ከብት ጠባቂ ወጣቶችስ? ውሃ የምትቀዳው እናትና ከብት የሚያሰማራው ልጅ ለውጡን ከሁሉም ቀድመው ያያሉ።

6. ማስረጃ አያያዝ

አስተያየታችሁ በማስረጃ እንዲደገፍ ዛሬውኑ መዝገብ ጀምሩ። አንድ ደብተር ይበቃል። የሚጻፈውም፦
• ቀን፣ ወርና ዓመት፤
• ቦታው (ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የወንዙ ወይም የኩሬው ስም)፤
• ያያችሁት ነገር (የውሃው ቀለም፣ ሽታ፣ የደረቀ ሣር፣ የሞተ ዓሣ ወይም ንብ)፤
• ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ዝናብ ነበረ ወይስ አልነበረም፤
• የታመመ ወይም የሞተ ከብት ብዛትና የታየው ምልክት፤
• ለማን እንዳሳወቃችሁና የተሰጠው መልስ።

እዚህ ላይ ጥብቅ ምክር አለን። ያያችሁትን እንዳያችሁት ጻፉ፤ ያላረጋገጣችሁትን ምክንያት አትጨምሩ። ላም ጽንስ ስታስወርድ ምክንያቱ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ውርጃ በሽታም (ብሩሴሎሲስ) ሊሆን ይችላል። ድንገት የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አይታረድ፣ አይከፈት፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። አንድ የተጋነነ ወይም ስሕተት የሆነ ነገር በመድረክ ላይ ከተገኘ፣ እውነተኛዎቹ ዘጠኝ ነገሮች ሁሉ ይጠረጠራሉ።

የአፈርና የውሃ ናሙና መውሰድ የባለሙያ ሥራ ነው። በተለይ ሲያናይድ በመንገድ ላይ ስለሚፈርስ አያያዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእናንተ ድርሻ ባለሙያውን ትክክለኛው ቦታ ላይ ማድረስ ነው፦ ፍሳሹ የሚገባበት ቦታ፣ ከብት የሚጠጣበት ቦታና ለማወዳደሪያ የሚሆን ከላይ ያለ ያልተነካ ቦታ። ተጠርጣሪ ውሃ አትቅመሱ፤ አፈሩንም በባዶ እጅ አትንኩ።

7. አስተያየት እንዴት ይጻፋል?

የሚከተሉት ሁለት አስተያየቶች ለልምምድ የተዘጋጁ ናቸው።

ደካማ አስተያየት፦ «ብክለት በጣም እየጎዳን ነው። ሕጉ ጠንካራ ይሁን። መንግሥት መፍትሔ ይስጠን።»

ጠንካራ አስተያየት፦ «በረቂቁ ስለ ጽዳት ጊዜ በሚናገረው አንቀጽ ‹በተገቢው ጊዜ ውስጥ› የሚል ተጽፏል። በቀበሌያችን ከጋራዥ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት በሐገያ ዝናብ ወደ ከብት መጠጫ ኩሬ ይገባል፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት አራት ጊዜ መዝግበናል፤ መዝገቡ ተያይዟል። ከኩሬው 60 አባወራዎች ከብት ያጠጣሉ። ስለዚህ ‹በተገቢው ጊዜ› የሚለው ወጥቶ ‹የመጠጥ ውሃ ወይም የከብት ማጠጫ የተበከለ እንደሆነ በ15 ቀን ውስጥ ፍሳሹ እንዲቆም፣ ከሚቀጥለው የዝናብ ወቅት በፊትም እንዲጸዳ› የሚል እንዲገባ እንጠይቃለን።»

ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሁለተኛው አንቀጹን ይጠቅሳል፣ የሆነውን ከነማስረጃው ያሳያል፣ ስንት ሰው እንደሚነካ ይናገራል፣ በምን ይተካ የሚለውንም ጽፎ ይሰጣል። አርቃቂው ቢቀበለው ወዲያው ይጽፈዋል፤ ባይቀበለው ምክንያቱን ማስረዳት ይኖርበታል።

በተጨማሪ እነዚህን አትርሱ፦
• ረቂቁ ከስብሰባው ቀን በፊት እንዲደርሳችሁና በአፋን ኦሮሞም ሆነ በሌላ ነዋሪው በሚረዳው ቋንቋ እንዲብራራ ጠይቁ።
• በልማት ቡድናችሁ ቀድማችሁ ተወያዩ፤ ሴቶች ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ጊዜ ይኑር።
• በቃል የተናገራችሁትን በጽሑፍም ስጡ፤ አንድ ቅጂ አስቀሩ፤ የተቀበላችሁ ሰው በቅጂው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርም።
• ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ይነበብላችሁ።
• ጊዜ የማይሰጥ ብክለት ካለ ሕግ እስኪሻሻል አትጠብቁ፤ በአዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 አቤቱታ አቅርቡ። ለልማት ሠራተኛው ነግራችሁ በወረዳ በኩል ወደ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

8. «ብናገር ራሴን አልጎዳም ወይ?»

ይህ ስጋት እውነተኛ ነው፤ ማቃለል አይገባም። ግጦሹ ተበክሏል ከተባለ ወተቱን ማን ይገዛል? ከብቱ በዱብሉቅ ገበያ ዋጋ አያጣም ወይ? ብዙ ሰው ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ሆኖም መርዙ በዝምታ አይቀንስም። ወተቱን ቀድመው የሚጠጡት የራሳችን ልጆች ናቸው። ዘግይቶ በሌላ ሰው ሲታወቅ ደግሞ ገበያው የሚዘጋው በንጹሑም በተበከለውም ቀበሌ ላይ ነው። ስለዚህ ስጋቱን ራሱን አስተያየት አድርጉት፦ የተበከለው ቦታ በልኩ ተለይቶ በካርታ እንዲታወቅ፣ ንጹሕ የሆነው ቀበሌም በምርመራ የተደገፈ ማረጋገጫ እንዲሰጠው፣ የጠቆመ ሰው ከሥራውም ሆነ ከመሬቱ እንዳይነካ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠይቁ።

ሁለተኛው እውነት ደግሞ «የበከለ ያጽዳ» የሚለው ሕግ ኩባንያን ብቻ አይመለከትም። አዋጁ «ማንኛውም ሰው» ይላል። በመድረክ ላይ ስለ ሌላው ስንናገር የራሳችን ግቢ ንጹሕ መሆን አለበት። የኬሚካል ባዶ ዕቃ ለውሃ ወይም ለዘይት መያዣ አይሁን፣ አይሸጥ፣ አይቃጠል። ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይመለስ፤ ዕቃው ተበስቶ እስኪሰበሰብ ድረስ ተቆልፎ ይቀመጥ። መርጫ በወንዝ፣ በኩሬም ሆነ በጉድጓድ አጠገብ አይታጠብ።

ማጠቃለያ

ሕግን በአደባባይ መርምሮ ማሻሻል ለዚህ አካባቢ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ቦረና በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ ሕጉን ይመረምራል፤ ጉጂም በሜኤ ቦኮ ሕጉን ያውጃል። በቱላ ጉድጓዶች የማጠጣቱ ተራ የሚመራው በአባ ሄረጋ ነው፤ ውሃው የሁሉም ስለሆነ ሥርዓቱም የሁሉም ነው። በጉሚ ላይ የሚናገር ሰው የሆነውን፣ የጎደለውንና መሆን ያለበትን ለይቶ ያቀርባል። ከእናንተም የሚጠበቀው ይኸው ልማድ በመንግሥት ረቂቅ ሕግ ላይም እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ ቢያንስ ለአምስት ጎረቤቶች ይህን ሥልጠና አካፍሉ፤ የጋራ መዝገብ የሚይዝ አንድ ሰውም ምረጡ።

ለቡድን ውይይት

1. በቀበሌያችሁ ቀድሞ የኬሚካል መጋዘን፣ ጋራዥ ወይም የወርቅ መታጠቢያ የነበረ ቦታ አለ ወይ? ዛሬ ለምን አገልግሎት ይውላል?
2. ከሰባቱ ጥያቄዎች ለእናንተ አካባቢ ይበልጥ አንገብጋቢው የትኛው ነው? ለምን?
3. ለወል ግጦሽ የሚከፈል ካሳ ለማንና በምን መልክ ቢሰጥ ይሻላል?
4. በቡድናችሁ አንድ ጠንካራ አስተያየት ጻፉና ለሌላው ቡድን አንብቡ። ሌላው ቡድን «በአንቀጽ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል ወይ?» ብሎ ይፈትነው።